«ወረደ» ማለት «ሞተ» ማለት ነው እንዴ?

በዚህ ገጽ ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው። «ኧረ ኳስማ የራሷ ገጽ አላት፣ እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን እስቲ ታገሡኝ። እኛ ነቀምት ኳስ ከስፖርት ገጽ ወጥታ ገበታ ላይ ከቀረበች ቆይታለች። ባልና ሚስት ታጨቃጭቃለች፤ አባትና ልጅ ታኳርፋለች። የእህቴ ቤት በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሰላም ያጣው በሌላ በምንም አልነበረም፤ አንድ የእንግሊዝ ክለብ በመውረዱ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነበር። ከወለጋ ከተሞች በአንዷ ለሚገኝ ትንሽ ክለብ በግራ ክንፍ ይጫወታል። የከተማዋንም የክለቡንም ስም እንለፈው። አባቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኳስ አይጠሉም፤ ግን ሰው በኳስ እንጀራ ይበላል ቢሏቸው አያምኑም። እንዳያምኑም የሚያደርግ ነገር ነበራቸው፤ ክለቡ ለልጁ ደሞዝ ከከፈለው ሦስት ወር አልፎታል። ልጁ ታዲያ የሌስተር ደጋፊ ነው። ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝን ዋንጫ ሲያነሳ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረ፤ ያን ጊዜ የያዘው ፍቅር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ሚያዝያ 12 ቀን፣ የፋሲካ ዕለት ማታ፣ ሌስተር በሜዳው በሊቨርፑል 1 ለ 0 ተሸንፎ መውረዱ ተረጋገጠ። ልጁ ከዲኤስቲቪ ቤት አንገቱን ደፍቶ ገባ። ዶሮ ወጡ ቀርቧል። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉት አባት። «ወረድን» አላቸው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! «የዓለም ሀብታሙ ሊግ ውስጥ ያለ ክለብ እንዲህ ከተፈጠፈጠ፣ አንተ አቧራ ላይ ምን ትጠብቃለህ? በል ወይ ጫማህን ሰቅለህ ኮሌጅ ግባ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ!» አሉት። ልጁም እልኸኛ ነው፤ ተነሥቶ ሻንጣውን ሸከፈ። እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

በእኛ አገር የእናት ወንድም «ኤሱማ» ይባላል። ኤሱማ ሲናገር ዝም ተብሎ ይሰማል። ስለዚህ በማግሥቱ ዳኛ ሆኜ ተሰየምኩ። አባት ክሳቸውን አሰሙ። ልጁ ግን አንድ ስም ብቻ ጠርቶ ተከራከረ። «ኤሱማ፣ ጄሚ ቫርዲስ?» አለኝ።

የሀብታም ቤት አወዳደቅ

እስቲ ቫርዲን እናቆየውና መጀመሪያ የአባትየውን ክስ እንመርምር። እውነት የእንግሊዝ ክለብ ሲወርድ ይሞታል?

እ.ኤ.አ. በ1992 የላይኛው ዲቪዚዮን 22 ክለቦች ከቀድሞው ሊግ ተገንጥለው ፕሪሚየር ሊግ የሚባለውን መሠረቱ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ውል ለአምስት ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2025 የውድድር ዘመን የጀመረው የአገር ውስጥ ውል ደግሞ ለአራት ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ሒሳቡን በዓመት ብትመቱት ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ አድጓል። የላይኛው ቤት እንዲህ ሲወፍር የታችኛው ቤት ቁራሽ ነው የደረሰው። በፕሪሚየር ሊጉ መጨረሻ የወጣ ክለብ በአንድ ዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያገኛል። አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ሻምፒዮንሺፕ ውስጥ ያለው ግን ከማዕከል የሚደርሰው አሥር ሚሊዮን አካባቢ ነው።

ለወረደ ክለብ «ፓራሹት» የሚሉት ክፍያ አለ። ስሙን ልብ በሉልኝ! ከሰማይ የሚወርድ ሰው እንዳይሰበር የሚዘረጋው ጨርቅ ማለት ነው። ክለቦች ሁሉ እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ፣ በወረደ በመጀመሪያው ዓመት 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ይሰጠዋል። ላይ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ሦስተኛውን አያገኝም። ደግ ነገር ይመስላል። ግን ጣጣ አለው። ፓራሹት የያዘው ክለብ ታች ወርዶ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይዞ ሲጫወት፣ ጎረቤቱ ምንም ሳይዝ ይገጥመዋል። ስለዚህ የወረደው ቶሎ ተመልሶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን ላይኛውን አይችለውም፣ ደግሞ ይወርዳል። ታች ያሉት ድሃ፣ ላይ ያሉት ሀብታም፣ መካከል ያሉት ደግሞ ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ ሆኑላችሁ።

የማጋነን ከመሰላችሁ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የወጡት ሦስቱም ክለቦች፣ ሉተን፣ በርንሌይና ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ሦስቱም በመጡበት ተመለሱ። በ2025 ደግሞ ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን፣ እነሱም ሦስቱም ወረዱ። ሦስቱ አንድ ላይ የሰበሰቡት ነጥብ 59 ብቻ ነው፤ የሳውዝሃምፕተን 12 ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ የወጡት ሦስቱም በአንድ ላይ የወረዱት አንድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ያልታየ ነገር በተከታታይ ሁለት ዓመት መጣ። ሉተንማ የባሰ ነው፤ በ2024 ከላይኛው ሊግ ወረደ፣ በ2025 ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ አባትየው ያለ ነገር አልተናገሩም። መሰላሉ ወጌሻ የሚያስፈልገው ሆኗል።

ቫርዲስ?

ልጁም ግን ያለ ማስረጃ አልመጣም። ጄሚ ቫርዲ የሕክምና መደገፊያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ከሊጎቹ ውጪ ባለ ትንሽ ክለብ ይጫወት ነበር። ሌስተር በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ የገዛው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ሌስተር በ2023 ሲወርድም አብሮ ወረደ፤ በ2024 አብሮ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ እንደገና ከወረደ በኋላ ከአሥራ ሦስት ዓመት ቆይታ ተሰናበተ። «አየህ ኤሱማ፣ ሰውየው ወረደ እንጂ አልሞተም» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ልጄ፣ ቫርዲ ታች ሆኖ ማን አየው?» አልኩት። ዝም አለ። እንግሊዝ አገር አራት እርከን ላይ 92 ክለብ አለ፤ ከዚያም በታች ሌላ እርከን፣ ሌላም። በየእርከኑ ተመልካች አለ፣ መልማይ አለ፣ ሳምንታዊ ክፍያ አለ። ቫርዲ ጎበዝ ስለነበረ ብቻ አልወጣም፤ መሰላሉ ሁሉም ደረጃ ስለነበረው ነው። አሁን ያ መሰላል ጫፉ ላይ ቢሰበርም ከታች ያለው ገና ቆሟል።

የእኛስ መሰላል?

ፕሪሚየር ሊግ በእኛ አገር የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከእሱ ሥር ከፍተኛ ሊግ አለ። የእኛ ነቀምት ከተማም ዓመታት ያስቆጠረው እዚያ ነው። ከላይኛው ቤት በአንድ በር ብቻ ቢለይም በሩ ከባድ ነው።

የሚገርመው የእኛ ነገር ከእንግሊዝ ተቃራኒ ነው። እዚያ አዲስ የወጣ ክለብ ወዲያው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ አዲስ የወጣ ዋንጫ ይወስዳል! ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. አደገ፣ በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2015 አደገ፣ በ2016 ዋንጫ በላ። ኢትዮጵያ መድን በ2014 አደገ፣ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ ባደገ በዓመቱ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ካየን እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ ኖቲንግሃም ፎረስት ወዲህ የለም።

ታዲያ እኛ ዘንድ ልዩነቱ ጠበበ ማለት ነው? እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ባንኩና ኢንሹራንሱ ከኋላቸው ካዝና አለ። ጅማ ግን እንደ እኛው የቡና አገር ከተማ ናት። ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ወረደ። የእኛ አገር ክለብ በአብዛኛው የሚተዳደረው በትኬት ወይም በማሊያ ሽያጭ አይደለም፤ በከተማ አስተዳደር በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ኪስ ነው። ኪሱ ሲሳሳ ክለቡም ይሳሳል። ፓራሹት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ የወረደ በእግሩ ነው የሚያርፈው።

ላይኛው ቤት እኛም ዘንድ ቴሌቪዥን ገብቶለታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታው በዲኤስቲቪ ይታይ ጀመር፤ ውሉ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጥሩ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱት ሆነ። ታችኛውም ሊግ ይህንኑ ለመደ። ስለዚህ የነቀምት ልጅ የለንደንን ክለብ በየሳምንቱ ያያል፤ የገዛ ከተማውን ክለብ ግን በዓመት ስንት ጊዜ ያያል? ደጋፊ ያላየውን ክለብ እንዴት ይውደድ? ነጋዴውስ ያላየውን ማሊያ እንዴት ስፖንሰር ያድርግ? በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት የወለጋ ችግር አለ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገዱም የሚያስፈራ ሲሆን፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ የአሥራ ስምንት ዓመት አጥቂን የትኛው መልማይ መጥቶ ያየዋል?

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንግዲያው አባቴ ልክ ናቸው ማለት ነው?» አለኝ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ስትሰጡ ተጠንቀቁ። የሃያ ዓመት ልጅን «ተው» ብሎ ማስቆም ይቻላል፤ ግን አርባ ዓመት ሲሞላው «ባታስቆሙኝ ኖሮ» ይላችኋል። «ቀጥል» ብሎ መልቀቅም ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ «ምነው ዝም አላችሁኝ» ይላል። ሁለቱም ዕዳ ነው።

እኔ አባትየውን እንዲህ አልኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ልጁ እንዳይወድቅ ፈርተዋል። ክልከላ ግን ፓራሹት አይሆንም። እንግሊዞቹ እንኳ የሚወርደውን ክለብ ሦስት ዓመት ይይዙታል። እርስዎ ለገዛ ልጅዎ ሁለት ዓመት ያጡለታል?»

ልጁን ደግሞ እንዲህ አልኩት። «አንተም ቫርዲን ስትጠራ ፋብሪካውን አትርሳ። ሰውየው እጁ ላይ ሥራ ይዞ ነው ኳስ የተጫወተው። ደሞዝ የማይከፍል ክለብ ጋ ሦስት ወር መቆየት ትዕግሥት ነው፤ ስድስት ወር መቆየት ግን ሞኝነት ነው።»

ስምምነቱ በወረቀት ሰፈረ፤ መምህር አይደሉ፣ አባትየው ራሳቸው ጻፉት። አንደኛ፣ ልጁ ማታ ኮሌጅ ይማራል፤ ክፍያው የአባት ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት የውድድር ዘመን ይጫወታል፤ ማንም አንድም ቀን አይነዘንዘውም። ሦስተኛ፣ ክለብ ሁለት ወር ካልከፈለው ሌላ ክለብ ይፈልጋል። አራተኛውን ያስጨመረችው እህቴ ናት፤ አባት ቢያንስ አንድ ጨዋታ ሜዳ ሄደው ያያሉ። እስከዚያ ቀን ልጃቸው ሲጫወት አንድም ጊዜ አይተውት አያውቁም ነበር!

ሄዱም። የልጁ ቡድን 2 ለ 0 ተሸነፈ። እህቴ «እንዴት ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው ኮታቸውን እያወለቁ «ቡድኑ አይረባም። ልጁ ግን ይሮጣል» አሏት። ከእኚያ ሰው አፍ ይህ መውጣቱ በእህቴ ቤት እንደ ዋንጫ ነው የተቆጠረው። ልጁ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ለማታው ትምህርት ተመዘገበ። ወደ ላይ ይወጣል አይወጣም የሚለውን ጊዜ ይፈታዋል።

ልጃችሁ ኳስ ተጫዋች ላይሆን ይችላል። ምናልባት ማትሪክ የወደቀ፣ ሱቁ የከሰረ ወይም ከሥራ የተቀነሰ ይሆናል። መውረድ የማይደርስበት ቤት የለም። ስለዚህ ሦስት ነገር ልምከራችሁ። የወረደውን ሰው በወረደበት ቀን አትምከሩት፤ ያን ቀን እራቱን ብቻ አቅርቡለት። ሁለተኛ፣ «ለምን ወደቅህ?» ከማለታችሁ በፊት የቆመበትን መሰላል እዩ፤ አንዳንዴ የተሰበረው ደረጃው ነው እንጂ እግሩ አይደለም። ሦስተኛ፣ ፓራሹት ከመውደቅ በፊት ነው የሚታጠፈው፤ የእጅ ሙያ፣ ትምህርት ወይም ትንሽ ቁጠባ ልጁ ገና ላይ ሳለ አስይዙት።

ቸር እንሰንብት።