ወገቡን ያቀና ሠራተኛ ሰነፍ አይደለም

ጤፉ እየደረሰ ነው፤ ማጭድ የሚሳልበት ጊዜ ቀርቧል። ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ጊዜ አውርተናል። ዛሬ ግን ከገበያ ስለማይገዛው ግብዓት፣ ስለ ወገባችን ላውጋችሁ።

ኮሌጅ እያለን "ኧርጎኖሚክስ" የሚባል ነገር ተምረን ነበር። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰውን ለሥራው ከማጉበጥ፣ ሥራውንና መሣሪያውን ለሰው ማስማማት ማለት ነው። ለእኔ የገባኝ ግን ከደብተር ሳይሆን ከአባቴ ነው። አባዬ ገና ያላረጀ ገበሬ ነው፤ ከመደብ ሲነሳ ግን ጉልበቱን ተደግፎ ነው። "ወገቤን የበላው ኩንታል ነው" ይላል። ማረስ ስላቃተው መሬቱን የእኩል ሰጥቷል። በየዓመቱ ግማሹ ምርት ወደ ሌላ ጎተራ ይገባል። የአንድ ወገብ ዋጋ ይህን ያህል ነው።

በቀበሌዬ ስዘዋወር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አሠሪው ማሳ ዳር ቆሞ የቀን ሠራተኞቹን ያያል። ቀና ያለውን "ምነው፣ ደከመህ እንዴ?" ይለዋል። ልጁም ወገቡ እየተቆረጠ ቢሆን እንኳ ቀና አይልም።

ይህ አመለካከት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሰላጣ እርሻዎች ሠራተኞች አንድ ክንድ ገደማ እጀታ ባላት አጭር መኮትኮቻ ቀኑን ሙሉ ጎንብሰው ይውሉ ነበር። አለቆች አጭሯን የወደዱበት አንዱ ምክንያት ቀና ያለ ሰው ከሩቅ ስለሚታያቸው ነው። የብዙ ሰው ጀርባ ተበላሸ። ሠራተኞቹ ተሟግተው በ1975 እ.ኤ.አ. መሣሪያዋ ታገደች። ባለእርሻዎቹ ሥራው ይበላሻል ብለው ነበር፤ ሰላጣው ግን በረጅም እጀታም ተኮትኩቶ ለገበያ ደረሰ።

ወደ ማሳችን ስንመለስ እነዚህን እንያዝ።

ሸክም፦ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ግን ለአንድ አዋቂ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ ማሸከም እንዲቀር ይላል፤ ለሴትና ለልጅ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ስለዚህ እህሉን በሁለት ጆንያ ክፈሉት፣ ወይም ለሁለት አንሱት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! ስታነሱ ከጉልበታችሁ በርከክ በሉ፤ ጭነቱን ከደረታችሁ አስጠጉ። መዞር ካለባችሁ ወገባችሁን ሳትጠመዝዙ በእግራችሁ ዙሩ።

ርጭት፦ በጀርባ የሚታዘለው 16 ሊትር መርጫ ሲሞላ ውኃው ብቻ 16 ኪሎ ነው። ከመሬት አንስታችሁ ትከሻችሁ ላይ አትወርውሩት። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉት፤ ከዚያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሁለቱንም ማንገቻ አጥልቁ።

ኩትኳቶ፦ በመስመር ለተዘራ በቆሎ የመኮትኮቻው እጀታ ስትቆሙ ደረታችሁ ድረስ የሚደርስ ይሁን። እንጨቱ ከደጃችን ነው፤ ወጪ የለውም።

አጨዳ፦ የደነዘ ማጭድ ክንድም ወገብም ይጨርሳል። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላም ይሳል። አጫጁና ነዶ ሰብሳቢው ይፈራረቁ። በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቀና ብሎ ውኃ መጠጣት ሥራ አያስፈታም።

አሠሪዎች ሆይ፣ ይህ ለሠራተኛው ብቻ የሚደረግ ውለታ እንዳይመስላችሁ። አራት ሰው ቀጥራችሁ አንዱ በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ ቢተኛ፣ የደረሰ ጤፍ እሱ እስኪድን አይጠብቅም። ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣም በማሳው ይበላሻል። ሁሉም በሚያጭድበት ኅዳር ደግሞ ምትክ ሠራተኛ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለሠራተኛው ጉዳቱ ይብሳል፤ ያልዋለበት ቀን አይከፈለውም፣ ያለው ሀብትም ያው ጉልበቱ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ወገቡን ያቀና ሠራተኛ ስታዩ አትገላምጡት፤ ውኃ አቀብሉት። ነገም ያጭድላችኋል።

መልካም አዝመራ!