መስኮቱን ዝጉት!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ንፋስ ነው።

መቼም እኛ ሐበሾች ከንፋስ ጋር ያለን ጠብ የታወቀ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ አንዱ መስኮቱን ጣት በምታህል ከፈት ካደረገ ከኋላ "ኧረ ዝጉት! ብርድ ሊመታን ነው!" የሚል አይጠፋም። የእናቴ ድምፅ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ታዲያላችሁ የዚህች እናት ልጅ ዴንቨር መጥታ ሞተር ገዛች። ያገለገለች ሆንዳ ሻዶው 750፣ ክሩዘር ከሚባሉት። ክሩዘር ላይ እንደ እሽቅድድም ሞተር ወደ ፊት አትደፉም፤ ቀጥ ብላችሁ ነው የምትቀመጡት። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለንፋስ ሸራ ማለት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ በ30 ማይል ስሄድ የሚዳብሰኝ ንፋስ አውራ ጎዳናው ላይ በ60 ማይል ደረቴን ይዞ ከወንበሬ ሊነቅለኝ ይታገላል። ሥራ ቦታ ስደርስ አንገቴ የኔ አይደለም።

"ሽጪው ብልሽ አትሰሚኝም" አለች እማዬ በስልክ። "ቢያንስ ከፊቱ መስታወት አስደርጊበት።"

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን "ጠይቁ" የሚል ነበር። እኔ ተመራቂዋ ግን ማንንም ሳልጠይቅ ሱቅ ውስጥ ካለው የንፋስ መከላከያ ሁሉ ረጅሙን ገዛሁ። ትልቅ ከሆነ ይሻላል፣ አለቀ! ፎቶውን ስልክላት እማዬ እልል አለች።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የመከላከያው ጫፍ ከዓይኔ በላይ ስለነበር መንገዱን የማየው በእሱ ውስጥ አሳልፌ ነው። መኪና መጥረጊያ አለው፤ የኔ ሞተር የለውም። በዚያ ላይ አሞኒያ ባለበት የመስኮት መወልወያ በየሳምንቱ ሳሸው ጭጋግ የለበሰ መስሎ ነበር። ከፊት የሚመጣው መብራት በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ ይበተናል። ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ቀዩ መብራት የት እንደሆነ አልለየሁም። ስለየው የኋላ ጎማዬ እየተንሸራተተ ነበር። የቆምኩት አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው።

ነዳጅ ማደያ ገብቼ ስንቀጠቀጥ አንድ ፂማቸው የነጣ ሞተረኛ አዛውንት አዩኝ። መከላከያውን አዩ፣ እኔን አዩ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ከላዩ እንጂ በውስጡ አይታይም" አሉኝ።

በማግስቱ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሜትር ይዛ መጣች። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ላይ እንደ ወትሮው ትቀመጣላችሁ፣ አሻግራችሁ ትመለከታላችሁ፤ የመከላከያው ጫፍ አፍንጫችሁ ትይዩ ላይ ያርፋል። ንፋሱ ጫፉን ሲለቅ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚዘል ከሄልሜታችሁ በላይ ያልፋል፤ ዓይናችሁ ደግሞ ከጫፉ በላይ መንገዱን ያያል። በጣም ካጠረ ንፋሱ ሄልሜቱ ላይ አርፎ ጭንቅላታችሁን እንደ ወንፊት ይነቀንቀዋል። ስለዚህ የጓደኛችሁ ልክ ለእናንተ አይሆንም፤ ሞተራችሁ አንድ ዓይነት ቢሆንም ቁመታችሁ ይለያያል።

ስለ ዕቃውም ልንገራችሁ። አክሪሊክ ጥርት ያለ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ ጠጠር ሲመታው ግን ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት ምት ይችላል፤ ሆኖም ቶሎ ስለሚጫጫር ጠንካራ ሽፋን የተቀባውን ምረጡ። ሁለቱንም በውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ። መወልወያውን ለመስኮታችሁ ተዉት።

አጭሩን ገጥሜ ፎቶ ላክሁ። እማዬ ወዲያው ደወለች።

"አሳጠርሽው?"

የዚያን ማታውን ነገር ደብቄያት ነበር። ነገርኳት። ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ንፋሱስ?" አለች በመጨረሻ።

"ደረቴ ላይ አይደርስም። ዓይኔ ግን ከላይ ክፍት ነው።"

"በይ እሱን ክፈቺ" አለች ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆየትና፣ "አንገትሽ ላይ ግን ሻርፕ ጠምጥሚ፤ ብርድ እንዳይመታሽ!"

ጠምጥሜያለሁ። ቸር ሰንብቱ።