ቢጫው ውሃ

ጥቀርሻ እናቴ በአመድ ፈትጋ የምታስለቅቀው ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እያበቀልኩ እንጀራ በላሁበት።

የመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገባ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ አለ። እሱ ላይ ኒኬል እቀባለሁ። እቶን ውስጥ አስገብቼ መጀመሪያ ሃይድሮጅን፣ ከዚያ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ኤቲሊን አሳልፍበታለሁ። ጋዙ የኒኬል ቅንጣቷ ላይ ሲያርፍ ይሰባበራል፤ ካርቦኑ በሌላ ጎኗ ክር እየሆነ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ክሩ ቅንጣቷን ጫፉ ላይ ተሸክሟት ነው የሚያድገው። ነጣ ብሎ የገባው ሴራሚክ ከሰል መስሎ ይወጣል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታየው ያልተበጠረ ጸጉር ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን ለሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይሄ ክር መቅሰፍት ነው፤ ካታሊስቱን አድቅቆ ቱቦ ይዘጋባቸዋል። እኛ ግን የምንፈልገው ኢንዛይም የሚያርፍበት ሰፊ ገጽ ነው።

የኔ ኢንዛይም ላይፔዝ ነበር፣ ስብ የሚቆርጠው። ውሃ ውስጥ ከበተንከው አንዴ ሠርቶ ከውሃው ጋር ይደፋል። ክሩ ላይ ከያዝከው ግን አውጥተህ፣ አጥበህ ደግመህ ትሠራበታለህ። መሥራቱን የምናውቀው በቀለም ነው፤ የምንሰጠው ኬሚካል ሲቆረጥ ውሃው ቢጫ ይሆናል። የኔ ቢጫ ያምር ነበር። አማካሪዬ ደስ ብሏት ለኮንፈረንስ ፖስተር አዘጋጅ አለችኝ።

ፖስተሩ ሊታተም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ ሴራሚኩን ከብርጭቆው አውጥቼ ቡና ልጠጣ ወረድኩ። ስመለስ ውሃው የባሰ ቢጫ ሆኗል። ሴራሚኩ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው!

ኬሚካሉ በራሱም ቀስ እያለ ቢጫ ይላል፤ መጀመሪያ በዚያ ተጽናናሁ። ከዚያ ኢንዛይም ያልነካው ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ያኛው ፈዛዛ፣ የኔው እርድ የገባበት ይመስላል። ላይፔዙ ክሩን እየለቀቀ ውሃው ውስጥ ነበር የሚሠራው። ስንት ወር ስለካ የኖርኩት ያመለጠኝን ነው።

ያን ማታ ከእኔ በቀር ማንም አላየም። ብርጭቆውን አጥቤ ብሄድ ፖስተሩ ይታተማል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቧንቧውን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ደግሜ አልከፈትኩትም ማለት ግን አልችልም።

ጠዋት ነገርኳት። «ስንት ጊዜ አየኸው?» አለች። አንዴ አልኳት። «ድገመው» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሦስቴ ደገምኩት፣ ሦስቴም ያው። ፖስተሩ ቀረ፣ እሷም ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ ያለፈ አላወራችኝም።

ከዚያ ክሩን በናይትሪክ አሲድ አፍልቼ፣ ኢንዛይሙ በኬሚካል ማሰሪያ የሚያያዝበት ቦታ አወጣሁለት። በማሰሩ የሥራ ጉልበቱ ከቀድሞው ግማሽ አልሞላ አለ፤ ግራፉ ሲታይ ያሳፍራል። ሴራሚኩን ሳወጣ ግን ውሃው እዚያው ፈዛዛ ቢጫው ላይ ቀረ። ብርጭቆው አጠገብ ተቀምጬ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩት። ቡና አልወረድኩም።