ጠመንጃው ለአንቺ ይለካ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለሥራ ወደ ሚዙሪ ስትሄጂ፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃዬን ተርኪ ለሚባለው የዱር ወፍ አደን ልትይዢው ማሰብሽ አስደስቶኛል። ብቻ ሰደፉ የተለካው ለእኔ ክንድ ነውና እንዳለ አትተኩሺበት።

ሱቅ ውስጥ ቆመው ሲደግኑት የተመቸ ጠመንጃ ጫካ ውስጥ ላይመች ይችላል። ተርኪ የሚታደነው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባን ለዛፍ ሰጥቶ፣ ጠመንጃውን ጉልበት ላይ አሳርፎ ነው። እንዲያ ሲቀመጡ የሰውነት አቋም ስለሚለወጥ፣ ቆመሽ ልክሽ የነበረው ሰደፍ ላይስማማሽ ይችላል። ስለዚህ በመጎሰሚያው ዘንግ ባዶነቱን አረጋግጪ፤ ካፕሱልም አይኑርበት። ከዚያ የአደን ካፖርትሽን ለብሰሽ መሬት ተቀመጪና ዓይንሽን ጨፍነሽ ደግኚ። ጉንጭሽ ሰደፉ ላይ እንዳረፈ ዓይንሽን ስትገልጪ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ መሀል ላይ ከታየችሽ ተስማምቶሻል። አንገትሽን ካሰገግሽ ረዝሟል፤ አውራ ጣትሽ አፍንጫሽ ሥር ከደረሰ አጥሯል። ሰደፉ የሚያርፈውም ከትከሻሽ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ፣ ሥጋ ባለበት ጎድጓዳ ላይ ነው፤ አጥንት ላይ ካረፈ ምቱን ፈርተሽ ምላጩን ስትስቢ ትደነግጫለሽ።

ከረዘመ፣ ጠመንጃ ሠሪ ጥቂት በጥቂት ያሳጥረው፤ አንዴ የተቆረጠ እንጨት ለመመለስ ይቸግራል። ጉንጭ የሚያርፍበት ከዘቀጠብሽ ግን ቆዳ ማሰር ይበቃል። ጉንጭሽን አንሥተሽ ከተኮስሽ እርሳሱ ከዒላማው በላይ ያልፋል።

አጥብቄ የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ አንድ አፈሙዝ ነው፤ ባሩዱ፣ ውታፉና እርሳሱ እንደገና እስኪጎሰም ተርኪው ቆሞ አይጠብቅሽም፤ ያቆሰልሽውም ጫካ ገብቶ ይሞታል። በሚዙሪ ይህ ወፍ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የፀደይ አደኑ እንደገና የተፈቀደው ብዙ ከተደከመለት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። እንዲህ የተለፋበትን ወፍ ባልተለካ ጠመንጃ ማቁሰል ለእኔ ነውር ነው።

ሲስማማሽ፣ በ20 ያርድ ርቀት ወረቀት ላይ የተርኪ ራስና አንገት ሥለሽ፣ እንደ አደኑ ቁጭ ብለሽ ተኩሺ። ጥቁር ባሩድ ብቻ፤ ጭስ አልባው አፈሙዙን ሊያፈነዳው ይችላል። ባሩዱንም ከዕቃው በቀጥታ አታንቆርቁሪ፣ በመስፈሪያ ስፈሪ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ ተዪ፤ የወንዱ ተርኪ ራስ ቀለም ስለሆነ ሌላ አዳኝ ይሳሳትብሻል።

ጠመንጃ ሠሪ ስታገኚ ደውዪልኝ፤ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ላነጋግረው።

አባትሽ