አንድ ጥራዝ ወይስ ሦስት?

ከኮሎምበስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በፒከሪንግተን የምንኖር ተማሪዎች በአማርኛ ልብ ወለድ ረገድ በሁለት ጎራ ተከፍለናል። ገሚሶቻችን ታሪኩ በአንድ ጥራዝ ተጀምሮ በዚያው እንዲፈጸም እንሻለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ በየክፍሉ የሚቀጥለውን እንመርጣለን።

የፊተኞቹ ክርክር ከስደት ኑሮ የመነጨ ነው። መጽሐፍ የሚደርሰን በመንገደኛ ሻንጣ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» የ1966ቱን አብዮት ዋዜማውን፣ መባቻውንና ማግሥቱን በሦስት መጻሕፍት ይተርካል፤ ለእኛ ግን ማግሥቱ ከዋዜማው ቀድሞ ደረሰን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የቱንም ያህል ቢወፍር ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

የኋለኞቹም መልስ አላቸው። ያንኑ ባለ አንድ ጥራዝ መጽሐፍ በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው፣ አድማጩ ሁሉ የሚቀጥለውን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ሕዝቡን ያስተሳሰረው የጥራዝ ብዛት ሳይሆን አብሮ መጠበቁ ነው።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። በባዕድ አገር የጎደለን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ አብሮን የሚጠብቅ ሰውም ነው። እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን የምናነብ ከሆነ ሦስቱም ጥራዞች ቢሟሉ ብቸኝነታችንን አይሽሩትም። እንግዲህ በእጃችን ያለውን አንድ መጽሐፍ በየሳምንቱ እየተሰበሰብን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው። እዚህ የተወለዱት ታናናሾቻችንም ይስሙት፤ ፊደሉን ባይለዩ እንኳ ቀጣዩን ምዕራፍ ለመስማት ይመለሳሉ።