በሩ ይቀድማል
የባለቤቴ ቮልስ፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ጉለሌ ቤታችን ጋራዥ ውስጥ 2 ዓመት ቆማ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ አዲስ ባትሪ ገጠመላት፤ ትነሳለች፣ ወዲያው ትጠፋለች። ዝናብ ስለነበር በሩን ዘግቶ፣ እንዳትጠፋበት ነዳጅ ይረግጣል።

በሩን በርግጄ "ልጄ፣ ቶሎ ውጣ!" አልኩት።

"እማማ፣ ጭሱ እኮ ትንሽ ነው" አለኝ፤ ራሱን ግን አሞት ነበር።

ነርስ ሳለሁ ከሰል ቤት ውስጥ አሳድረው ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ተቀብያለሁ። የመኪና ጭስም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ እሱ ሽታ የለውም፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል።

በማግስቱ መካኒክ ጠራን። የቆየው ቤንዚን ደርቆ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኖት ኖሯል። አጥቦ፣ አዲስ ቤንዚን ሞልቶ፣ ሚኒሞውን አስተካከለ። አሁን አትጠፋም። የልጅ ልጄም ቁልፉን ከማዞሩ በፊት በሩን ይከፍታል።