ስለ ድሬዳዋ ሙቀትና ስለ ቤት ማራገቢያ

ከሐረር ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ፥ ትኩሳቱ ፊቱን ሳይመታው አስቀድሞ ጋቢውን ያወልቃል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ድሬዳዋ ግን 1200 ያህል ናትና፥ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሌላ አገር የገቡ ይመስላል። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የከዚራ መንገዶችም ቀጥ ብለው የተቀየሱ፥ ዳር ዳራቸውን ዛፍ የተተከለባቸው ናቸው። እነዚያ ዛፉን የተከሉ ሰዎች ስለ ጥላ ያወቁትን ነገር፥ እኛ ማራገቢያ ስንገዛ እንረሳዋለን።

ባለፈው ግንቦት ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወርጄ ከአክስቴ ቤት ዐረፍሁ። አክስቴ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ አብራቸው የምትኖር አንዲት ዐመድማ ድመት አለቻቸው። ቤቱ እንደ ምድጃ ቢሆንብኝ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገዝቼ ገባሁ፤ የመረጥሁትም በነፋሱ ብርታት ብቻ ነበር። በማግሥቱ በቀትር መስኮቱንና በሩን ዘግቼ፥ ማራገቢያውን ወደ ድመቲቱ አዙሬ፥ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወጣሁ። በ9 ሰዓት ስመለስ ድመቲቱ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች። አክስቴም ለቅሶ ደርሰው ሲገቡ አይተው፥ «ልጄ፥ ነፋሱ ላንተ ነው እንጂ ለርሷ ምን ያደርግላታል?» አሉኝ። ወዲያውም የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ ነክረው ጠጕሯንና መዳፏን አራሱላት፤ ወደ ጓዳም ወስደው ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስተኟት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አፏን ገጠመች፤ እኔም በዕድሜዬ አፈርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማራገቢያ አየሩን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ሰው ሲሞቀው መላ ገላውን ያልበዋል፤ ነፋሱም ላቡን ሲያደርቅ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። የድመት ላብ ግን የሚወጣው ከመዳፏ በታች ብቻ ነው፤ ገላዋንም ጠጕር ሸፍኖታል። ስለዚህ ጠጕሯን እየላሰች በምራቋ ታርሰዋለች። ይህ ሳይበቃት ሲቀር ታለከልካለች፤ ይኸውም የአደጋ ምልክት ነውና፥ በውሃ ካራሷት በኋላ ካልተዋት ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ማራገቢያ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ያዞራል።

እንግዲህ ድመት ላለበት ቤት ማራገቢያ የሚገዛ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድሞ ክንፎቹን የሚከልለውን ሽቦ ይመልከት። እኔ የገዛሁት ሽቦው የሳሳ ስለ ነበረ፥ የድመቲቱ መዳፍ እስከ ክንፉ ሊገባ ይችል ነበር። እግሩም ሰፊና ከባድ ይሁን፤ ዘላ ብትወጣበት እንዳይወድቅ። ገመዱን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ ማሰር ይገባል፤ ግልገሎች ይነክሱታልና። ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ላለው ሰው ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ይሻላል፤ ክንፎቹ ከወለሉ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብለው፥ ከቁም ሣጥንም ራቅ ብለው ይሰቀሉ።

ዳሩ ግን ከመግዛቱ ይልቅ አቀማመጡ ይበልጣል። ቀን ፀሐይ የሚመታውን መስኮት መጋረድ ነው። ማታ ውጭው ሲበርድ ማራገቢያውን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ባንዱ መስኮት ማቆም፥ ትይዩውንም መስኮት መክፈት ነው፤ የቀኑ ትኩሳት በዚያ ሲወጣ ቀዝቃዛው በዚህ ይገባል። በማራገቢያ ፊት እርጥብ ጨርቅ መስቀልም በድሬዳዋ ደረቅ አየር ይረዳል፤ የባሕሩ እርጥበት በከበደበት በጅቡቲ ግን እምብዛም አይጠቅም። መብራት በጠፋ ጊዜ ውዱም ርካሹም ማራገቢያ አንድ ነውና፥ ድመቲቱ ወደ ጥላ የምትወጣበት በርና የምትጠጣው ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት።

ማራገቢያውን ሽቦው በጠበቀ በሌላ ለወጥሁት። አክስቴ ማታ ማታ ከፊቱ ተቀምጠው ሲመርቁኝ ሰነበቱ። ወደ ሐረር በተመለስሁበት ጧት ድመቲቱን ብፈልጋት ከማራገቢያው ዘንድ አልነበረችም፤ ከእንስራው ሥር፥ ከረጠበው ሲሚንቶ ላይ ተጋድማ አገኘኋት።